ምዕራፍ 5፦ ራስጌው ጉና፣ ግርጌው ጣና

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና ጉማራን ሲሻገር ደራን ለቅቆ ፎገራ ይገባል፤ ወረታን አልፎ ርብን ሲሻገር ደግሞ ፎገራን ለቅቆ ሊቦ ከምከም ይገባል። በሁለቱ ድልድዮች መካከል መንገዱ ሽቅብም አይወጣ፣ ቁልቁልም አይወርድ። በክረምት ግራና ቀኙ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ በኅዳር ቢጫ ይሆናል፤ በጥር ጓያና ሽንብራ፣ አለፍ ሲል ደግሞ በሞተር የሚጠጣ ሽንኩርት ይታይበታል። ፎገራን በስተምዕራብ ጣና፣ በስተምሥራቅ ፋርጣ፣ በሰሜን ምሥራቅ እብናት ያዋስኑታል። ወረዳው 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከዚህም ሦስት አራተኛው ሜዳ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 228,449 ሰው ተቆጥሮበታል፤ ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የገጠር ነዋሪ ነው።

ሜዳውን የሠራው ጉና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ተራራ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ቆሞ ርብንም ጉማራንም ያመነጫል። ወንዞቹ ከተዳፋቱ አፈር እየጠረጉ ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይዝላል። የዛለ ውሃ የተሸከመውን ይጥላል። በዘመናት ብዛት የተጣለው ደለል ነው ዛሬ ገበሬው ዋልካ የሚለው፣ በክረምት የሚያጣብቅ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር። የጣና ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው፤ ወረታ ከ1,800 ጥቂት አለፍ ትላለች። ከከተማዋ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት በጥቂት ዐሥር ሜትሮች የሚቆጠር በመሆኑ፣ በዓመት የሚጥለው 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብና ከጉና የሚመጣው ጎርፍ ተደማምረው መውጫ ፍለጋ ሜዳው ላይ ይንከራተታሉ። የዚህን ወረዳ አስተዳደር መረዳት የሚሻ ሰው ይህን ተዳፋት አስቀድሞ ልብ ቢል ይጠቀማል፤ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ዞኑ የሚታገሉት በየቀኑ ከዚሁ ውሃ ጋር ነውና።

ቁሐር ሚካኤል ከሜዳው ቀበሌዎች አንዱ ነው። ቁሐር አቦ የሚባል ጎረቤት አለው። ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ርብ ገብርኤል፣ ቅድስት ሐና እያለ የቀበሌዎቹ ዝርዝር ይቀጥላል፤ ያንን ዝርዝር ይዞ የወረዳውን ታቦታት መቁጠር ይቻላል። ነገሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ አዋጁ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሆነ መሬት ላይ እንዲመሠረት አዘዘ። ሆኖም ማን ከማን ጋር ይሁን የሚለውን በአካባቢው የወሰነው በአብዛኛው አስቀድሞ የነበረው አጥቢያ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ ሬሳቸውን አንድ ቦታ የሚቀብሩ፣ ሰንበቴና እድር የሚጋሩ ሰዎች አንድ የገበሬ ማኅበር ሆኑ፤ የገበሬ ማኅበሩ ኋላ ቀበሌ ተባለ። መንግሥታት ተቀያየሩ፣ የማኅተሙ ጽሑፍ ተቀየረ፤ የሰበካው ወሰን ግን በአብዛኛው ባለበት ቆየ።

ይህ ለአስተዳደሩ ትልቅ ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ። ስብሰባ የሚጠራው ገበሬው ሞፈር በማይጨብጥበት በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። የተጣሉ ጎረቤታሞች ጉዳይ ወደ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ያየዋል፤ የነፍስ አባትም ይገባበታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ ከገበሬው መካከል የተመረጠ ነው፤ ደመወዝ የለውም፤ በክረምት እርሱም አረም አለበት። ደመወዝተኛው ሥራ አስኪያጁ ነው። ከእርሱ ጋር ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት የተመደቡ የልማት ሠራተኞች፣ በጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በትምህርት ቤቱ መምህራን አሉ። ከቀበሌው በታች ጎጥ አለ፤ ከጎጡ በታች የልማት ቡድን። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሀገር ደረጃ በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ቤተሰቡን የሚያሳክምበት ያ አሠራር ሊተከል የቻለው፣ በየቀበሌው አስቀድሞ በእድር መዋጮ የለመደ፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ ብሎ የሚያውቅ ሕዝብ ስለነበረ ነው።

ከቀበሌው በላይ ያለው መሰላል አጭር ነው። ወረዳው የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህም ከክልሉ ጥቅል በጀት ተቀብሎ ለመምህር፣ ለጤና፣ ለግብርና ራሱ ይደለድላል። አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ያልቅና ለመንገድና ለድልድይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የደቡብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ደብረ ታቦር ነው። ዞኑ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት እጅ ሆኖ ወረዳዎቹን ያስተባብራል። የወረታ ሰው ጉዳይ ሲኖረው ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ይወጣል፣ ወይም በሜዳው ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይደረስባቸዋል። ወረታ ቻይናውያን በ1970ዎቹ ከሠሩት የወልድያ መንገድ ጫፍ ላይ ያለች በመሆኗ ከባሕር ዳር፣ ከጎንደርና ከወሎ የሚመጣው ሁሉ ይገናኝባታል። ደረቅ ወደብም ተሠርቶባታል። አሁን ከወረዳው የተለየ የከተማ አስተዳደር አላት። የገጠሩ ወረዳ ግን ቢሮውም ገበያውም እዚያው ነው።

ይህ ሁሉ በሕግ የተዘረጋው መዋቅር ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሳው ጦርነት በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ሥራውን አቋርጦታል፤ የተዘጋ ትምህርት ቤትና ባለሙያ የማይደርስበት ጤና ኬላ የዚህ ዘመን እውነት ነው። መዋቅሩን የማብራራውም ሲመለስ ምን እንደሚመለስ አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለባለይዞታዎች አረንጓዴ ደብተር ተሰጠ፤ በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል። ሲፋቱ ወይም ባል ሲሞት ሴቲቱ ባዶ እጇን እንዳትወጣ የከለከለው ይህ ደብተር ነው። ማሳውን አዋሳኞቹን ጠርቶ፣ በገመድ ለክቶ የመዘገበው ከገበሬው የተመረጠው የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነው። ዳኝነቱም ልኬቱም በሚያውቁት ሰው ፊት ስለሆነ ክርክሩ ቀነሰ። ከሽግሽጉ በኋላ የተወለደው ግን የሚደርሰው የለም። ከአባቱ ማሳ ላይ ይቀነስለታል፣ ወይም እኩል ያርሳል፣ ወይም በኮንትራት ይይዛል፤ ያልሆነለት በክረምት ወደ መተማና ሁመራ ለቀን ሥራ ይወርዳል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሊቦ ከምከምና ፎገራን ያስጨነቀው የካላዛር ወረርሽኝ ከዚያው ቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይገባ እንዳልቀረ የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ በወባ መድኃኒት ታክሞ የሞተ ሰው ብዙ ነው። የመሬት እጦት ወደ ሩቅ ቆላ የላከው ወጣት ይዞት የተመለሰውን በሽታ የቀበሌው ጤና ኬላ ብቻውን ሊለየው አይችልም ነበር።

ሜዳውን ከሁሉ በላይ የለወጠው ሩዝ ነው። ውሃ በሚተኛበት ረግረግ የዱር ሩዝ ይበቅል ነበርና፣ የበቀለበት ቦታ የሚለማውንም ያበቅላል ተብሎ በደርግ ዘመን ሙከራ ተጀመረ። ፎገራ ውስጥ ሻጋ፣ ደራ ውስጥ ጅግና የሚባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሰሜን ኮሪያ ከመጡ ባለሙያዎች ጋር ዘሩት። ዛሬም ገበሬው ኤክስ ጅግና የሚለው ነጭ ሩዝ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ዘሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ኤክስ ጅግናን ያሰራጨው የመንግሥት መኪና ሳይሆን ከጎረቤት በቁና የተበደረ ገበሬ ነው። ኋላ ከምርምር የወጡ ጉማራ፣ ኔሪካ 4፣ እድገት፣ ሻጋ የተባሉ ዝርያዎች ተጨመሩበት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ተቋቋመ።

ከሩዝ በፊት ዝቅተኛው ሜዳ በክረምት ሰው የሚሸሸው ቦታ ነበር። ጤፍና ኑግ ከፍ ያለውን መሬት ይይዛሉ፤ የተቀረው ውሃና ሣር ነበር። ሩዝ ያንን መሬት ወደ እህል ለወጠው። ገበሬው በሰኔ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከነቤተሰቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያርማል። አረሙ እንዲህ አድካሚ በመሆኑ ከደጋው የሚወርድ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ያገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ጓያ ወይም ሽንብራ ይከተላል። ወረታ ውስጥና በመንገዱ ዳር የተደረደሩት የሩዝ መፈልፈያዎች የዚህ ገንዘብ ምልክት ናቸው። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፣ ጠላና አረቄ ይወጣዋል፤ ገለባው ለከብት ይቀመጣል።

የዚህን ትርፍ ዋጋ የከፈለው ደግሞ ከብቱ ነው። የፎገራ ከብት በወተቷና በረግረግ ላይ በመጽናቷ የታወቀች ዝርያ ናት፤ አንዳሳ ላይ ያለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አርብቷታል፣ አጥንቷታል። ዝርያዋን የሠራት ግን የወሉ ግጦሽ ነው። ክረምት ሲገባ መንጋው ውሃ ወደማይተኛበት ይወጣ ነበር፤ በበጋ ተመልሶ ሰፊውን ሜዳ ይሞላዋል። ረግረጉ ሩዝ እንደሚያበቅል ሲታወቅ በወሉ ላይ ያለው ዓይን በዛ። ከዳር ያለው ገበሬ በየዓመቱ ጥቂት ገፋ፤ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተደራጅተው ጠየቁ፤ ቀበሌዎችም አንዳንዱን ደለደሉ። የቀረውን ሣር ደግሞ አሜኬላ የሚባለው እሾሃማ አረም ወረረው፤ ከብት አይደፍረውም። አርሶ አደሩ ላም ቀንሶ በሬ ብቻ ይይዛል፤ ገለባ ይቀልባል።

እዚህ ላይ የቀበሌ አስተዳደር እውነተኛ ፈተና ይታያል። ወል የማንም ስም የሌለበት መሬት ነው፤ ጠባቂው የቀበሌው ደንብና የጎጡ ኀፍረት ብቻ ናቸው። ሊቀመንበሩ ገፍቶ ያረሰውን ከከለከለ፣ ከልካዩም ተከልካዩም አንድ ሰንበቴ ናቸው። ወጣቱን ከከለከለ፣ ወጣቱ የወንድሙ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ የታረሰ ግጦሽ ተመልሶ ሣር ሲሆን አይታይም። እኔ የወል ግጦሹ ቅሪት በካርታና በደብተር፣ በጎጡ ስም ተመዝግቦ መያዝ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የግል ማሳ በደብተር ጸንቶ ወል ያለ ደብተር ሲቀር፣ ገፊው ወዴት እንደሚገፋ ግልጽ ነውና። ከግጦሹ ጋር አብሮ የሚሄደውም ብዙ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት የሜዳው ረግረጎች ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው ለሚመጡ ኩርኪዎችና ለብዙ የውሃ ወፎች መኖሪያ ነበሩ፤ አሁን ከዳር ዳር ታርሰው በበጋ የሚቀራቸው ውሃ ትንሽ ነው። ዩኔስኮ በሰኔ 2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ የብዝኃ ሕይወት ክልል ብሎ ሲመዘግበው እነዚህም ረግረጎች ታስበው ነበር።

ወደ ውሃው ልመለስ። ርብና ጉማራ በአብዛኛው የወረዳ ድንበር ናቸው። ወንዝን ድንበር ማድረግ ለካርታ ሠሪ ቀላል ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም አይነቅለውም። ለጎርፍ ግን ክፉ ድንበር ነው። የአንዱ ዳርቻ ጉዳይ በአንዱ ወረዳ፣ የሌላው በሌላው ቢሮ ስለሚወሰን፣ ከወዲህ ክትር ሲሠራ ውሃው ወደ ወዲያ ይገፋል። ወዲያ ያለው ደግሞ በፈንታው ይከትራል። በሁለት ክትር መካከል የታሠረው ወንዝ ደለሉን በሜዳው ላይ መዘርጋት ስለማይችል በገዛ አልጋው ላይ ይጥለዋል፤ አልጋው በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ወንዝ ክትሩን የሰበረ ቀን ከማሳው በላይ ሆኖ ነው የሚወርደው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ አይለይም። ርብና ጉማራ ሞልተው ወጡ፤ ጣናም ሞልቶ ስለነበር ውሃው መሄጃ አጣ፤ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ቤቶች በውሃ ተከበቡ፣ ሰብል ጠፋ፣ ከብት ተወሰደ፣ ሰው በጀልባና በታንኳ ወደ ደረቅ ወጣ። ክፉኛ የተጎዱት እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች ናቸው። እነርሱ ጉናን አላረሱ፣ የርብን ክትር ብቻቸውን አልሠሩ፤ የሁሉም ድምር ግን እነርሱ ላይ አረፈ።

በግርጌ በኩል ያለው ወሰንም ቢሆን በቀበሌው እጅ አይደለም። የጣና ከፍታ የሚወሰነው ባሕር ዳር ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ ነው። በ1988 ዓ.ም. እዚያ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ እንደ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን እንደ መብራት ፍላጎቱም ይሞላል፣ ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. ክፉኛ ጎደለ። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ከሐይቁ ውሃ ወስዶ ወደ በለስ ይለቃል። ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠውን ለም መሬት የዳር ገበሬ ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ ወዲያው ይዘራዋል። ደብተር የለውም። ዘንድሮ ማሳ፣ ከርሞ ውሃ ይሆናል፤ ባዶ በሆነበት ዓመት ማን ቀድሞ ያርሰው የሚለው በጎረቤት ቀበሌዎች መካከል ጠብ ያነሳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚሁ ዳርቻ እንቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ገባ። ነፋስ ከናበጋ ወደ ሊቦ፣ ከሊቦ ወደ ደንቢያ ይገፋዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። በአንዱ ቀበሌ ዳርቻ የቀረ ስር ግን ለሌላው ቀበሌ ዘር ነው፤ የተፋሰሱ ደለልና ማዳበሪያ ሐይቁን እስከመገበ ድረስም ነቀላው አያልቅም።

እንግዲህ የርብ ግድብ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ከፎገራ ራስጌ፣ በፋርጣና በእብናት በኩል የተገነባው ይህ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ቁመቱ ከ70 ሜትር ይበልጣል። የክረምቱን ጎርፍ ያዘገያል፣ በበጋ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር እንዲያጠጣ ታቅዷል። እስከ ዛሬ ከርብ ዳር በሞተር እየሳቡ ያጠጡ የነበሩ ገበሬዎች ነዳጁንም ጥገናውንም ራሳቸው ይችሉ ነበር፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ወንዙ ሲጠወልግ ከላይ ያለው ይጠጣል፣ ከታች ያለው ይቀራል። ሽማግሌ ቢዳኝ እንኳ የአንዱ ቀበሌ ሽማግሌ በሌላው ቀበሌ ገበሬ ላይ ቃሉ አይጸናም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ ያለው ይመስለኛል። ማኅበሩ የሚቋቋመው በቀበሌ ወይም በወረዳ ወሰን ሳይሆን በቦዩ ክልል ነው፤ ከአንድ ቦይ የሚጠጣ ሁሉ፣ ከየትም ቀበሌ ይምጣ፣ የአንድ ማኅበር አባል ይሆናል። ጠቅላላ ጉባኤ አለው፤ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አለው፤ ክርክር የሚፈታ ኮሚቴም አለው። አባላቱ የቦዩን ጥገና በክፍያ ይሸፍናሉ። በዚህ ሀገር አጥቢያ ለአስተዳደር ወሰን ሆኖ እንዳገለገለ ሁሉ፣ ቦይም ወሰን ሊሆን የሚችልበት ሕጋዊ መንገድ ይህ ነው። የሊቦው ገበሬና የፎገራው ገበሬ ድንበር የሆናቸውን ወንዝ በጋራ እንዲዳኙ ያስቀምጣቸዋል።

የፋርጣ ገበሬ ግን በማኅበሩ ውስጥ ቦታ የለውም። በጥርና በየካቲት ከመንደሩ ሰው ጋር ወጥቶ በነፃ ጉልበቱ እርከን ይሠራል፣ ችግኝ ያዘጋጃል፤ እርከኑ የያዘው አፈር ግድቡን በደለል ከመሞላት ያድነዋል። ማሳው ከግድቡ በላይ ስለሆነ ከቦዩ አንድ ጠብታ አይደርሰውም። ከሜዳው የሽንኩርትና የሩዝ ማሳ ከሚሰበሰበው የውሃ ክፍያ የተወሰነው ድርሻ በየዓመቱ ወደ ራስጌው እርከን እንዲመለስ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች በስምምነት ቢደነግጉ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚያሠራ የተፋሰስ ኮሚቴ በየቀበሌው አስቀድሞ አለ።